ደፉ የእኛ፣ መንገዱ የሁሉም

ስለ ራምፕ ልጽፍ ነው። አዎ፣ ባንክ ቤትና ሆስፒታል በር ላይ ስለምታዩት ስለዚያ ተዳፋት ሲሚንቶ። ርዕሱ እንደማያጓጓ አውቃለሁ። ጋዜጠኝነት ስማር አንድ መምህራችን «አንባቢን በመጀመሪያው አንቀጽ ካልያዛችሁት ገጹን ይገለብጠዋል» ይሉን ነበር። እንግዲህ የሚገለብጥ ይገልብጥ፤ የቀራችሁት ግን ትንሽ ሒሳብ አብረን እንሥራ።

«1 ለ12» የሚባል ልክ አለ። አንድ ዊልቸር ተጠቃሚ ብዙ ሳይደክምና ወደ ኋላ ሳይገለበጥ የሚወጣው ተዳፋት፣ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው ማለት ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡትን የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተከትሎ በመጣው የግንባታ መለኪያቸው ውስጥ ከዚህ የበለጠ ቀጥ ያለ ራምፕ አይፈቀድም። የእኛ ቤት በር ደግሞ ከመንገዱ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሦስት ደረጃ ነው፤ እናንተ ስልካችሁን እያያችሁ የምትወጡት ዓይነት። 45 በ12 ሲባዛ 540 ይመጣል። አምስት ሜትር ከአርባ። በራችን ፊት ያለው መንገድ ስፋቱ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ 4 ሜትር ነው።

ስለዚህ በመለኪያው መሠረት ቀጥ ያለ ራምፕ ብንሠራ፣ ራምፓችን መንገዱን አቋርጦ፣ የፊት ለፊት ጎረቤታችንን በር በርግዶ፣ ሳሎናቸው ውስጥ 1 ሜትር ከ40 ይገባል ማለት ነው። (ጎረቤታችን ቡና ሲያፈሉ ስለማይቻሉ አባዬ ቅር የሚለው አይመስለኝም።)

አባዬ ጡረታ የወጣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። የእርሳስ ፊደል በመልቀም ጀምሮ ኮምፒዩተር ላይ የጨረሰ። ከሁለት ዓመት በፊት በስኳር በሽታ ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። መጀመሪያ በክራንች ሞክሮ ነበር፤ ኮብልስቶን ላይ ሁለት ጊዜ ከወደቀ በኋላ ሐኪሙ «የቀረውን እግር እንጠብቀው» አለና ዊልቸር ላይ ተቀመጠ። ክንዱ ጠንካራ ነው። ጠፍጣፋ መሬት ላይ ልቀቁትና ከእኔ ይቀድማል። ችግሩ ጠፍጣፋ መሬት ለመድረስ ሦስት ደረጃ መውረድ አለበት።

እናላችሁ፣ ለሰባት ወር ያህል ከቤት የወጣው ለሆስፒታል ቀጠሮ ብቻ ነበር። ወንድሜና የጎረቤት ልጅ ከነወንበሩ ያነሱታል፤ አባዬ ዓይኑን ይጨፍናል። እስኪወርድ ድረስ አይገልጠውም። አንድ ቀን ለምን እንደሚጨፍን ብጠይቀው «ሰው ሲያየኝ እንዳላይ» አለኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን የዕድሩ ነገር ነው። ዕድር ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ቀብር ያልወጣ ይቀጣል፤ ወርሃዊ ስብሰባ የቀረ ይቀጣል። አባዬ እግሩ በተቆረጠ በሁለተኛው ወር ዕድሩ ተሰብስቦ «ከእንግዲህ ከማንኛውም ቅጣት ነፃ ነው» ብሎ ወሰነለት። በቅንነት ነው የወሰኑት፤ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ነገሩት። አባዬ አመሰገነ። ከወጡ በኋላ «አሁን ሞቼ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በምን ይለያል?» አለ። እማዬ ተቆጣችው። እኔ መልስ አልነበረኝም።

ቆይ፣ ሦስቱ ደረጃዎች ከየት መጡ?

ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም፤ ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ጋ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ደፋችንና መንገዱ እኩል ነበሩ። እንዲያውም ክረምት ሲገባ ጎርፉ ሰተት ብሎ ሳሎን እንዳይገባ እማዬ በጆንያ አሸዋ ትከልል ነበር። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፤ ግቢ የለውም፣ አጥር የለውም፣ በሩ ሲከፈት መንገድ ነው። ከዚያ መንገዱ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ሆነ። ሰፈራችን ዳገት ነው፤ ውኃው በሥርዓት እንዲወርድ መንገዱ ተቆፍሮ ዝቅ ማለት ነበረበት። ተቆፈረ። ከላይ ያሉት ቤቶች 20 ሴንቲ ሜትር ተንጠለጠሉ፤ እኛ ጋ 45 ሆነ፤ ታች ያሉት አንዳንዶቹ በራቸው ከመሬት በታች ቀረ። ያኔ ማንም አላማረረም። ጎርፉ ቀረ፣ ጭቃው ቀረ፣ ባጃጅ ቤት ድረስ መግባት ጀመረ። መንገድ የሠሩት ሰዎች በየበሩ ደረጃ ሠርተውልን ሄዱ። ደረጃ እንጂ ራምፕ ማንም አልጠየቀም፤ በሰፈሩ ውስጥ ያኔም ዊልቸር የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ግን ከቤት ስለማይወጡ ማንም አያያቸውም።

ስለዚህ «ቤታችሁን ወደ መንገድ አወጣችሁ» ሲሉን ትንሽ እቃጠላለሁ። ቤታችን የትም አልሄደም። መንገዱ ነው ከቤታችን የወረደው። (እነዚያ ሦስት ደረጃዎች ራሳቸው መንገዱ ላይ 90 ሴንቲ ሜትር ወጥተው ነው የተሠሩት። በመንግሥት ገንዘብ።)

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ወንድሜ ከአንድ ግንበኛ ጋር ተስማምቶ በደረጃው ላይ ራምፕ አፈሰሰበት። ቦታው የፈቀደው 1 ሜትር ከ60 ብቻ ነው። ሒሳቡን ሠርታችሁት ይሆናል፤ 1 ለ3 ተኩል ገደማ። አባዬ በራሱ ሊወጣው አይችልም፤ ሲወርድም ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ፣ ከኋላ ሰው ይዞት ነው። ቢሆንም የሚያነሳው ሁለት ሰው ሳይሆን የሚገፋው አንድ ሰው ብቻ አስፈለገ። አንድ ሰው ማለት ደግሞ እማዬ ትበቃለች ማለት ነው፤ እማዬ ቤት የማትኖርበት ሰዓት የለም። በመጀመሪያው ቀን ጥግ ላይ ያለችው ጀበና ቡና ጋ ሄዶ ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጠ። ጋዜጣ ተከራይቶ አነበበ። እኔ ቤት ሁለት ጋዜጣ ይዤ እመጣለት ነበር እኮ! «የተከራየሁት ይጥማል» አለኝ፤ «ሰው እየጠበቀህ ስለምታነበው።»

በዘጠነኛው ቀን ከወረዳ ሁለት ሰዎች መጡ።

አንዱ ወጣት ነው፤ ከእኔ በብዙ አይበልጥም። ሁለተኛው ጠና ያሉ፣ ሜትር የያዙ። ወጣቱ ፎቶ አነሳ፣ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ጻፈ። «ያለ ፈቃድ በመንገድ ይዞታ ላይ የተደረገ ግንባታ»፤ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲነሳ።

«ልጄ» አለች እማዬ፣ «ገብተህ ሰውየውን ብታየው?»

«እናቴ፣ አይቻቸዋለሁ። ምሕረቱን ይላክላቸው። ግን ለእናንተ ብተው ነገ ሰፈሩ ሁሉ ያፈስበታል። አንዱ ራምፕ ይላል፣ አንዱ በረንዳ ይላል፣ አንዱ ሱቅ ያቆማል።»

እውነቱን ለመናገር ልጁን ልጠላው ፈልጌ አልቻልኩም። ያለው ነገር እውነት ነው። ከእኛ በታች፣ መታጠፊያው ጋ፣ በደረጃ የተጀመረ፣ ከዚያ ጣራ የወጣለት፣ ከዚያ በላሜራ የታጠረ፣ አሁን ካርድና ሳሙና የሚሸጥበት ቤት አለ። መንገድ በአዲስ አበባ እንደዚህ ነው የሚበላው፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በክንድ በክንድ። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1446 መንገዶችንና ጎዳናዎችን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ ንብረቶች ይቆጥራቸዋል፤ በ1455 ደግሞ እንዲህ ያለውን ንብረት ማንም «ለዘመናት ይዤዋለሁ» ብሎ የራሱ ሊያደርገው እንደማይችል ይናገራል። ሃያ ዓመት ብታፈስበትም የአንተ አይሆንም። ደግሞም አይሁን! መንገድ የሁሉም ካልሆነ መጀመሪያ የሚገፋው ደካማው ነው።

ግን ጎበዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ነገ ከቤታችሁ ስትወጡ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ የመኪና መግቢያዎችን ቁጠሩልኝ። ከግቢ በር ጀምሮ፣ የእግረኛውን መሄጃ ሰንጥቆ፣ ቦዩን ተሻግሮ፣ አስፋልቱ ድረስ የሚዘረጋውን ያንን ሲሚንቶ ማለቴ ነው። እኔ ቆጥሬያለሁ። ከቤታችን እስከ ዋናው መንገድ አሥራ አንድ ናቸው። አንዳንዶቹ ከእኛው በላይ ወጥተዋል፤ አንዱማ ዝናብ ሲዘንብ ውኃውን ወደ ሌላ ሰው በር ይመልሳል። ቢያንስ በእኛ ሰፈር ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት አልሰማሁም። ለምን ቢባል፣ ማንም እነዚያን «ግንባታ» ብሎ ስለማያያቸው ነው። መኪና መግባት አለበት፣ አለቀ። መኪና ከቤት የመውጣት መብቱ ተከራካሪ አያስፈልገውም። አባዬ ግን ጎማው ትንሽ ስለሆነ ሕገ ወጥ ግንባታ ሆነ። ይህን ለወጣቱ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ፤ «እሱም ልክ አይደለም» አለ። ወረቀቱን ግን አልቀደደውም።

እስከዚህ ድረስ የእኛ ወገን ታሪክ ነው። አሁን የሌላው ወገን።

ከእኛ ሦስት ቤት ከፍ ብሎ አንድ መምህር ይኖራሉ። ዓይነ ስውር ናቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራሉ። በየጠዋቱ በነጭ በትራቸው የግድግዳውን ጥግ እየነኩ፣ በእኛ በር በኩል አልፈው ታክሲ ይይዛሉ። ለዓመታት የለመዱት መንገድ ነው፤ ስንት እርምጃ ላይ የማን በር እንዳለ ያውቃሉ። ራምፑ በተሠራ ማግሥት በትራቸው ከመንካቱ በፊት ቅልጥማቸው ነካው። የራምፑ ጎን ክፍት ነው፤ ወደ መንገዱ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ከመሬት በጣት ከፍታ ብቻ ነው የሚነሳው፤ በትር ሊስተው ይችላል። መምህር ለማንም አልተናገሩም። እኛ የሰማነው ባለቤታቸው ለእማዬ በሳምንቱ ሲነግሯት ነው። «አባትሽ ወጥቶ ቡና ሲጠጣ እየሰማሁ ምን ብዬ ልክሰስ?» ነው ያሉኝ በኋላ ላነጋግራቸው ስሄድ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደኝ። ከወረዳው ጋር ስንጨቃጨቅ ጥሩ ነበር፤ አንዱ ሰው፣ ሌላው ወረቀት ነው። ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው እንቅፋት ሲሆኑ ግን ወገን መያዝ ቀላል አይደለም። የአንዱ መውጫ የሌላው መደናቀፊያ ነው። «የመንገድ ይዞታ» የሚለው ደረቅ ቃል ውስጥ መምህር እንዳሉ ያየሁት ያኔ ነው። ደንቡ በደንብ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የሚጠብቀው እሳቸውን ነበር። አባዬን ደግሞ የሚያስወጣ።

መምህርን ቁጭ ብዬ ብዙ ጠየቅኳቸው። ስለ በትር አያያዝ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ኮብልስቶን (ይወዱታል፤ «መኪና ሲመጣ ይናገራል» አሉኝ። አባዬ ደግሞ ይጠላዋል፤ የዊልቸሩን የፊት ጎማ ያንቀጠቅጠዋል)። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ስለምናያቸው ቢጫ መስመሮችም አስረዱኝ። እኔ ጌጥ ነገር ይመስሉኝ ነበር። ቁመታም መስመሮቹ «ቀጥል» ማለት ናቸው፤ ክብ ክብ ነጠብጣቦቹ «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ማለት ናቸው። ሰይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ የፈጠረው ሲሆን መጀመሪያ የተነጠፈው እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ነው። «ቋንቋው እዚህም ደርሷል» አሉ መምህር፤ «ችግሩ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ብቻ ነው የሚናገረው። ቤቴ ድረስ አይመጣም።»

ልክ ናቸው። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ሰፊዎች፣ ጠፍጣፎች ናቸው፤ ስለሌላው ነገራቸው የሚባለው ብዙ ቢሆንም ዊልቸር በጥሩ ሁኔታ ይሄድባቸዋል። አንድ እሑድ አባዬን በታክሲ ወስደን ለቀቅነው፤ ወንድሜ ሊደርስበት ሮጠ። ግን እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ከቤት መውጣት አለ። ከተማው በዋናው መንገድ ይጀምራል፣ ሰው ግን በቤቱ ደፍ ላይ ነው የሚጀምረው። በሁለቱ መካከል ያለውን የሰፈር መንገድ ማን እንደሚያስብለት ጠይቄ የተለያየ ቢሮ ነው የጠቆሙኝ።

ሕጉንም አገላበጥኩት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ጥሩ ነው። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ግን ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ አዳራሽና የመሳሰለው ነው፤ የእኛን ቤት አይመለከትም። ስለዚህ አዋጁ ለአባዬ ባንክ ቤት የመግባት መብት ሰጥቶታል። ከቤቱ ስለመውጣቱ ግን አንቀጹ ዝም ይላል። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው ራቅ ብሎ የሚሄደው። በአንቀጽ 19 አካል ጉዳተኛ እንደማንኛውም ሰው በማኅበረሰቡ መካከል የመኖርና ተሳታፊ የመሆን መብት አለው ይላል፤ ከማኅበረሰቡ መገለልን መከላከልም የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 9 ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ይህን ሁሉ ጽፌ ወረዳ ይዤ ሄድኩ። ጠና ያሉት ሰውዬ በትዕግሥት አነበቡልኝና «ልጄ፣ ይህ ትልቅ ሕግ ነው፤ እኔ ጋ ያለው ቅጽ ግን ሁለት ነው፤ ግንባታ ፈቃድና ማፍረሻ» አሉኝ።

ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ እውነቱን የተናገረው ይህ ነው። አገራችን ውስጥ መብት ሲጎድል ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አዋጁ ሳይሆን ቅጹ ነው።

ሌላ አገር እንዴት አድርገውት ይሆን ብዬም አየሁ። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሉክ አንደርሰን የሚባል ዊልቸር ተጠቃሚ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 «ስቶፕ ጋፕ» የሚል እንቅስቃሴ ጀምሯል። በራቸው ላይ አንድ ደረጃ ላላቸው ሱቆች በደማቅ ቀለም የተቀባ የእንጨት ራምፕ ይሠሩላቸዋል። ራምፑ አይገነባም፣ ይቀመጣል እንጂ፤ ሲያስፈልግ ይወጣል፣ ሲበቃ ይነሳል። መንገዱ ላይ ሥር ስለማያበቅል ከመንገድ ደንብ ጋር የሚያጣላው ነገር ይቀንሳል። ሐሳቡን ወደድኩት። ግን የእነሱ አንድ ደረጃ ነው፣ የእኛ ሦስት።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ራሱ ራምፑን አፈረሰው። መዶሻውን ለሌላ ሰው አልሰጥም አለ። አባዬ ጓዳ ገብቶ ራዲዮ ድምፁን ከፍ አደረገ።

ከዚያ የላሜራው ዘመን መጣ። ብየዳ ቤት ሄደን በመሐል የሚታጠፍ፣ ሲዘረጋ 2 ሜትር ከ40 የሚሆን ራምፕ አሠራን፤ ከሥሩ ብረት ተበይዶበታል፣ ከላይ እንዳያንሸራትት ሸካራ ላሜራ ነው። ይሠራል ማለት ይቻላል። ግን ለማውጣት ሁለት ጎልማሳ ይፈልጋል፤ ዝናብ ሲነካው ሸካራነቱን ይረሳል፤ 1 ለ5 ስለሆነ አሁንም ከኋላ ሰው ያስፈልጋል። ወንድሜ ሥራ ሲሄድ አባዬ እንደገና እስረኛ ነው። ሁሉም «ይኸው መፍትሔ አገኛችሁ አይደል?» ይለናል። ሰው አስነስቶ መውጣትና ብቻውን መውጣት አንድ እንዳልሆነ ለማስረዳት ደክሞኛል። እናንተ ለጀበና ቡና በወጣችሁ ቁጥር ሁለት ሰው ማስፈቀድ ቢኖርባችሁ በወር ስንት ጊዜ ትወጣላችሁ?

ሆኖም በላሜራው አማካይነት በታኅሣሥ ስብሰባ ዕድር ሄደ። መዋጮውን በእጁ ከፈለ። ከዚያ እጁን አወጣና «ያ የነፃነት ውሳኔ ይነሳልኝ» አለ። አዳራሹ ግራ ገባው። አንዱ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብለን እኮ ነው» አለው። «አውቃለሁ፤ ስቀር ቅጡኝ» አለ አባዬ። ተከራከሩ፣ በመጨረሻ «ቀብር ላይ ነፃ፣ ስብሰባ ላይ እንደ ማንኛውም አባል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። የሚያስቀው፣ በጥር ወር ዝናብ መጣና ቀረ፤ ቅጣቱን ከፈለ፤ ደረሰኙን አሁንም ኪሱ ውስጥ ይዞታል።

ከዚያው ስብሰባ በኋላ ነው መምህርና አባዬ ቁጭ ብለው የራሳቸውን ራምፕ የነደፉት። አንዱ አያይም፣ ሌላው አይራመድም፤ እኔ ሜትር ይዤ ተላላኪ ነበርኩ። ንድፉ እንዲህ ነው። የቤቱ ደፍ ወደ ውስጥ ተቆርጦ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ያ 15 ሴንቲ ሜትር በሳሎናችን ውስጥ በ1 ሜትር ከ80 ተዳፋት ይካካሳል (ሶፋው ይሠዋል፤ እማዬ ገና አልተስማማችም)። የቀረው 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጪ ይወጣል፤ ግን ወደ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ግድግዳችንን ተጠግቶ፣ በጎን በኩል። 30 በ12 ሲባዛ 3 ሜትር ከ60፤ በሩ ፊት ለመዞሪያ 1 ሜትር ተኩል ሲጨመር 5 ሜትር ከ10። የእኛ ግድግዳ 6 ሜትር ነው፤ በሩም ዳር ላይ ስለሆነ የማንንም መስኮት አንነካም። ወርዱ 1 ሜትር። ከመንገዱ 3 ሜትር ይቀራል፤ የቆሻሻ መኪናውም ያልፋል። ከድሮዎቹ ደረጃዎች ጋር ሲነጻጸር ወደ መንገዱ የሚጨምረው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው!

የመምህር ድርሻ ጎኑ ነው። በራምፑ ጠርዝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በትር የሚነካው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ ይኑር አሉ። ለዊልቸሩም ጎማው እንዳይንሸራተት ይጠቅማል። ዓይናቸው ደከም ላለ ሰዎች ደግሞ ቢጫ ይቀባ። «ግድግዳው ትንሽ ወፍሯል ብዬ አልፈዋለሁ» አሉ። ቀጥ ብሎ የወጣው ራምፕ መንገዳቸውን ይቆርጠው ነበር፤ ይህ ግን አብሯቸው ይሄዳል።

አሁን ችግሩ ሁለት ሆነ። ወደ ውጪ ያለው የመንገድ ይዞታ ነው። ወደ ውስጥ ያለው ደግሞ የቀበሌ ቤት ነው፤ የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ ግድግዳው አይቆረጥም። ስለዚህ ሁለት ማመልከቻ ለሁለት የተለያዩ ክፍሎች አስገባን። ሁለቱም «መጀመሪያ የዚያኛውን ይሁንታ አምጡ» አሉን። (ይህን ያልገመተ አንባቢ አዲስ አበባ ኖሮ አያውቅም።)

እኔ የሚመስለኝን ልናገር። «ራምፕ ለሁሉም ይፈቀድ» የሚሉ ወዳጆቼን አልደግፍም፤ ያ የሳሙና ሱቅ አሁንም መታጠፊያው ላይ አለ። የምፈልገው ሦስተኛ ቅጽ ነው። ፈቃዱ ለቤቱ ሳይሆን ለሰውየው ይሰጥ፤ በየዓመቱ ይታደስ፤ ሰውየው ሲሄድ ወይም ሲሞት ራምፑም ይነሳ፤ ጣራ የወጣበት ቀን ይፍረስ። ለእግረኛ የሚቀረው ስፋት በሜትር ይጻፍ፤ ጠርዙም ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንገድ ሲቆፈር ደፉን ያንጠለጠለው አካል፣ ያ ደፍ ውስጥ ደረጃ የማይወርድ ሰው እንዳለ በሩን አንኳኩቶ ይጠይቅ። ሲቆፈር ቢጠየቅ ግማሹ ችግር በኮብልስቶኑ ተዳፋት ያልቅ ነበር፤ ሁለት ጋሪ አፈር የሚፈታውን ነገር ነው ዛሬ በደብዳቤ የምንፈታው።

ጠና ያሉት ሰውዬ ባለፈው ሳምንት በራሳቸው ጊዜ፣ ያለ ወጣቱ፣ መጥተው ንድፉን አዩት። ጠርዙን ወደዱት። ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ቀን አንድ ላይ ለማምጣት እሞክራለሁ ብለው የመጪውን ሐሙስ ቀጠሮ ሰጡን፤ መምህር ከትምህርት ቤት አስፈቅደው እመጣለሁ ብለዋል። ግንበኛው በበኩሉ ሲሚንቶ ዳግም ሳይወደድ ወስኑ እያለ በቀን ሁለቴ ይደውላል። እማዬ ሶፋውን ለአክስቴ ልትሰጣት ነው መሰለኝ፤ ትናንት ስትለካው አይቻታለሁ።